482 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ቤት ልግዛ?

መጀመሪያ የመጣው ፎቶው ነው። ማታ ራት በልተን፣ ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ እኔ ስልኬን እየነካካሁ ሳለ አንድ የኮምቦልቻ ደላላ በቴሌግራም አምስት ፎቶ ወረወረልኝ። ከሥሩ "ቤትም መኪናም፣ በአንድ ዋጋ" ይላል። ደላላው ያውቀኛል። ከወር በፊት "ዕቃዬን ጭኜ ውስጡ የማድርበት መኪና ቢገኝ" ብዬው ነበር። እውነቱን ለመናገር ለቀልድ ነው ያልኩት። ደላላ ግን ቀልድ አይረሳም።

ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለው ዓይነት። የኋላ ወንበሮቹ ወልቀው በምትካቸው አልጋ ገብቷል። አልጋው ሥር መሳቢያ አለ። ከጎኑ ቁም ሳጥን፣ ትንሽ የእቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጉልበት የሚያህል ፍሪጅ። ጣሪያው ላይ አንድ የሶላር ፓኔል። መስኮቶቹ ላይ ደግሞ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ያውም አበባ ያለው። እኔን የገደለኝ መጋረጃው ነው።

ሥራዬን ላላወቃችሁ፣ የሶላር ፓኔልና የውሃ ፓምፕ ገጣሚ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ግን ደሴ አይደለም። ወረኢሉ፣ ጃማ፣ ተንታ፣ ወግዲ፣ የጠሩኝ ቦታ ሁሉ ነው። ሄጄ ሦስትም አራትም ቀን እቆያለሁ። መኪና ስለሌለኝ በየጊዜው እከራያለሁ፣ ኪራዩ ካልተገኘ ፓኔሉን አውቶብስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ መንገዱን ሙሉ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ላይ እያየሁ እሄዳለሁ። ማታ ፔንሲዮን ነው። ፔንሲዮኑን ባልናገር ይሻላል። አንድ ጊዜ ጉጉፍቱ አካባቢ መሽቶብኝ አድሬ ነበር። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ደግሞ ከእኔ በፊት የገቡ ቁንጫዎች ነበሩ፣ እነሱ አልበረዳቸውም።

ስለዚህ የራሴ አልጋ ያለው መኪና ስል ቅንጦት አምሮኝ አይደለም። ቢያንስ ለሚስቴ ያልኳት እንደዚያ ነው። ፎቶውን አየችና "ከቤት ልትወጣ ነው ማለት ነው?" አለች። ልጄ ግን ወዲያው ገባት። "ሐይቅ ሄደን እናድርበታለን!" አለች። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ሄዶ ዓሣ በልቶ መመለስ የግማሽ ቀን ነገር ነው፣ ማደር ምን ይሠራል? አልመለስኩላትም። እኔም በልቤ መኪናውን ሐይቁ ዳር አቁሜ ቡና እያፈላሁ ነበርና።

አሁን ወደ ቁጥሩ። መኪናው የሄደው 482 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። የሥራ ባልደረባዬ "ያ መኪና አይደለም፣ ጡረተኛ ነው" አለኝ። አጎቴ "ግማሽ ሚሊዮን? ይሄ እኮ ጨረቃ ደርሶ መመለሻ ነው" አሉ፣ ትንሽ አጋነኑ እንጂ፣ አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 770 ሺህ ግድም ይፈልጋል። እኔም መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አካፈልኩት። መኪናው በፈረንጅ 1998 የተሠራ ነው፣ ማለት 28 ዓመት ግድም። 482 ሺህን ለ28፣ ከዚያ ለ365 ብታካፍሉት በቀን 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደሴ ኮምቦልቻ አንድ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ይሄን ያህል ለናፍጣ ሞተር ሥራ ነው እንዴ? የመስመር ታክሲ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይሄን ኪሎ ገና ድሮ ጨርሶት ነበር።

በእርግጥ ይህ ሁሉ ቁጥሩ እውነት ከሆነ ነው። ኪሎ መቀነስ የሚችል ልጅ በየከተማው አለ። እኔ የማየው የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ነው። 120 ሺህ የሚል መኪና ፔዳሉ እስከ ብረቱ ካለቀ አንዱ ዋሽቷል፣ ፔዳል ደግሞ አይዋሽም። የዚህኛው ፔዳል አልቋል፣ መሪው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ቁጥሩም ትልቅ ነው። ተስማምተዋል። ትልቅ ቁጥር የሚያሳይ መኪና ቢያንስ አልተደበቀም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እኔ በመካኒክ ነገር ዱዳ ነኝ። ስለዚህ ሐጂን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ ደሴ ላይ ጋራዥ ነበራቸው፣ አሁን ለልጃቸው ትተው ቁጭ ብለዋል። እንዲያዩልኝ ስለምናቸው "አሮጌ ዶልፊን? እሱን እኮ ተኝቼም አየዋለሁ" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ወረድን። ደላላውና ባለመኪናው እየጠበቁን ነበር። ደላላው ገና ሳንጨባበጥ "ሞተሩ ሰዓት ነው፣ ዶክተር ነው የነዳው" ጀመረ። ባለመኪናው ድሮ ቱሪስት ይዞ ላሊበላም ዳናኪልም ይሄድ የነበረ ሰው ነው፣ ዶክተሩ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀም።

ሐጂ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቀጥታ ሄደው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚነካ። ትንሽ ቆዩ።

"ሞቋል" አሉ።

"አዎ፣ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ትንሽ አስነስቼው ነበር" አለ ባለመኪናው።

"አብሽር፣ ችግር የለውም። ነገ በጠዋት እንመጣለን። እስከዚያ አታስነሳው ልጄ።"

ብለው መንገድ ዳር ወጥተው ታክሲ መጠበቅ ጀመሩ። ደላላው ጮኸ። እኔም ትንሽ አፈርኩ፣ ለዚህ ነው ወይ ከደሴ የወረድነው? ታክሲ ይዘን ወደ ደሴ ስንመለስ ሐጂ ነገሩኝ። የሞቀ ሞተር በሽታውን ይደብቃል። ናፍጣ ሞተር ምን ያህል እንደደከመ የሚታወቀው ሲነጋ፣ ሌሊቱን ቆሞ በርዶ ሳለ ነው። ኮምፕሬሽኑ የወረደ ወይም ማሞቂያ ካንዴላው የሞተ ከሆነ ያኔ ለመነሳት ይለምናል። "አስቀድሞ ያሞቀልህ ሰው ወይ እንግዳ አክባሪ ነው ወይ የሚያውቀው ነገር አለ" አሉኝ።

በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ወጣን። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎ ዳገት ጉም ውጦታል፣ የፊት መኪና መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ፀሐይ ነበር፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ሐጂ እንደገና ኮፈኑን ነኩ። በርዷል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥሞና ተከታተልኩ። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን አዩ። ዘይት አልተንሳፈፈበትም። ባለመኪናው አስነሳ። በሁለተኛው ያዘ። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ጠራ። ሰማያዊ ጭስ ቢሆን ሞተሩ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ጥቁር ሲሆን ናፍጣው በቅጡ አልተቃጠለም፣ እሱ በኖዝልና በፖምፓ ይስተካከላል። ነጩ ሳይጠፋ ቢቆይ ደግሞ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ይጠረጠራል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አልመጣም። ከዚያ ሐጂ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ገለበጡና እዚያው ቀዳዳው ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ጨፈረ፣ ግን አልዘለለም። ፒስተኑ አጠገብ የሚያልፈው ትንፋሽ ብዙ ቢሆን ኖሮ ወርውሮ ይጥለው ነበር አሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም መሣሪያ አልያዙም።

"ሞተሩ ደህና ነው" አሉኝ ቀስ ብለው፣ ደላላው እንዳይሰማ። ሞተሩ 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፣ 3 ሊትር ገደማ፣ ቱርቦ የሌለው። ቀላል ነገር ስለሆነ ደሴም ኮምቦልቻም የማይፈታው ጋራዥ የለም፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ጠየቁ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ይሄ ሞተር ሰንሰለት የለውም፣ የላስቲክ ቺንጋ ነው፣ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ የዚያን ቀን ሞተር የለህም።

"ቅርብ ጊዜ ነው የተቀየረው" አለ ባለመኪናው።

"ቅርብ ጊዜ ማለት መቼ ነው?"

"ያው ... ከኮሮና በፊት።"

ሐጂ ሳቁ። ቺንጋ ገዝቼ እንዳስቀይር ዋጋው ላይ ጻፉብኝ፣ በጣታቸው አየር ላይ። ከሥሩ ገብተው ሻንሲውን አዩ፣ ዝገት አለ ግን የበላው የለም። ከድምፅ ማጉያ የወለቀ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ላሜራው ላይ አስኬዱት። በኋላ በር ሥር አንድ ቦታ ላይ ማግኔቱ አልያዘም፣ ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን የመሙያ ስቱኮ ነው። ተጋጭቷል፣ ግን ትንሽ ነው። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አለ። ጎን ላይ የተጻፉት አራት ቁጥሮች ግን 3114 ይላሉ፣ በፈረንጅ 2014 በ31ኛው ሳምንት የተሠሩ። ብዙ የሚቆም መኪና ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አራት ጎማና ስኮርታ። እሱም አየር ላይ ተጻፈ።

ከዚያ ሐረጎን ወጣን። እኔ ለመኪና ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ኮምቦልቻን ከደሴ የሚለየው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው ዳገት ኩርባ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ጥሎ ነው የሚመጣው። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ነበር፣ ከኩርባዎቹ መሃል ስንደርስ ትንሽ ከፍ አለ፣ ግን እዚያው ቆመ። ከኋላችን ረጅም የመኪና ሰልፍ ተጠራቅሞ ክላክስ ያወርድብናል። ሐጂ ግን ደስ ብሏቸዋል። "ወጥቷል እኮ!" ይላሉ።

ላይ ስንደርስ ዳር ይዘን ቆምን። ሐጂ ሻይ ፍለጋ ሄዱ። እኔ እዚያን ሰዓት ያደረግኩትን አልደብቅም፣ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ልክ ነው። እግሬ ተዘርግቶ ይበቃል። መጋረጃውን ሳብኩት። ለራሴ በቃ ገዛሁት አልኩ።

በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ ሳይ ጣሪያው ላይ ቡናማ እድፍ አየሁ። በአየር ማስወጫው ክዳን ዙሪያ ተንሰራፍቶ፣ ጠርዙ ላይ ጠቆር ብሎ፣ ካርታ ይመስላል። ተነሥቼ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ገባ። እንደ ቂጣ። ጣቴን ስስበው ጥፍሬ ውስጥ የረጠበ ብናኝ ቀረ። ከእድፉ ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ጫፍ ነካሁት፣ ቺፑድ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ጠርዙ እንደ በሶ ይራገፋል። የዚያን ጊዜ ሽታው መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ። የክረምት ምድር ቤት ሽታ።

ፈረንጆቹ አሮጌ ካምፐር፣ ማለት እንዲህ ያለ የሚታደርበት መኪና፣ ሲገዙ ከሞተሩ እኩል የሚፈሩት እርጥበት ነው፣ መለኪያ ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን እየነካኩ ይዞራሉ። የእነሱ የፋብሪካ ካምፐሮች ብዙዎቹ የእንጨት አጽም ስላላቸው በአንድ ቀዳዳ የገባ ውሃ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ያበሰብሳል። ይሄ የኛው ግድግዳው ላሜራ ስለሆነ ከዚያ ይሻላል። ግን ላሜራና ቺፑድ መሃል ውሃ ተይዞ ሲቆይ ላሜራውም ይዝጋል፣ የውስጡ ዝገት ደግሞ በማግኔት አይታይም።

ከዚያ ወደማውቀው ነገር ገባሁ። የቁም ሳጥኑን የኋላ ሰሌዳ አራት ቡሎን ፈታሁ። እግዚኦ። ማን እንደሠራው አላውቅም፣ ስሙን ባውቅም አልጽፍም። 1,000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው)፣ ከባትሪው ጋር የተገናኘው ባለ 4 ሚሊ ገመድ ነው። 1,000ን ለ12 ቮልት አካፍሉት፣ ከ80 አምፒር በላይ ነው። ያ ገመድ የዚያን ግማሽ ሲሸከም ራሱ ይሞቃል። ሞቋልም፣ ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ ለስልሶ ከጎኑ ካለው ገመድ ጋር ተጣብቋል። ፊውዝ የለም። ይህ ሁሉ ከጋዝ ሲሊንደሩ አንድ ክንድ ይርቃል። ባትሪዎቹ ደግሞ ተራ የመኪና ባትሪ ናቸው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ መብራት እንዲመግብ አይደለም። ግማሹ እስኪያልቅ እየተጠቀምክ ከደጋገምከው ይሞታል። ሞተዋልም።

ፍሪጁ የጋዝ ነው፣ በነበልባል የሚቀዘቅዘው። ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ መቆም አለበት፣ ደሴ ላይ ደልዳላ ቦታ የሚያውቅ ይጻፍልኝ። ሁለተኛ ከፍታ አይወድም፣ አምራቾቹ ራሳቸው ከ1,700 ሜትር ግድም በላይ በጋዝ ላይ ይደክማል ይላሉ። እኛ ዝቅ ያለ የምንለው ቦታ ኮምቦልቻ ነው፣ እሱም ከዚያ በላይ ነው። ይህ ፍሪጅ ዳናኪል ላይ ሠርቶ ይሆናል። ጃማ ላይ ቁም ሳጥን ነው።

ወለሉ ላይ ደግሞ፣ ምንጣፉን ገለጥ ሳደርግ፣ ክብ የተቃጠለ ምልክት አገኘሁ። የከሰል ምድጃ ቁጭ ብሎበታል። ውስጥ ነው እኮ የምላችሁ። በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ለኩሶ የተኛ ሰው የከሰሉ ጋዝ ሳያሳስለው ሳያስነጥሰው ይዞት ይሄዳል፣ ሽታ የለውም። በብርድ ምክንያት እኔም አንድ ቀን እንደማደርገው አውቃለሁ፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ላሜራው በቂ ሽፋን ስለሌለው ደግሞ ጉጉፍቱን በመሰለ ቦታ ብተኛበት የራሴ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብብኛል።

ክብደቱንም ወረቀት ላይ አሰላሁ። ቺፑዱ ሰባት ሙሉ ሰሌዳ ይሆናል፣ አንዱ 30 ኪሎ ግድም ነው፣ 210። የውሃው ታንከር 80 ሊትር፣ 80 ኪሎ። ሁለት ባትሪ ወደ 55። ጋዝ ሲሊንደር ሲሞላ 27 ያህል። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ፍራሽ ጨምሩበት፣ ገና አንድ ሰው ሳይገባ፣ አንድ ፓኔል ሳይጫን 400 አልፏል። ስንወርድ ሐጂ በማርሽ ያዘው ቢሉትም ባለመኪናው ፍሬን ፍሬን እያለ ሐረጎ ታች ስንደርስ የፍሬን ሸራው ሽታ ቤቱን ሞላው። የፍሬን ዘይቱ ራሱ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ የዚህኛው እንደ ቡና ጠቁሯል።

ሊብሬው ሌላ ጣጣ ነው። 12 ሰው ይላል። መኪናው ውስጥ ያለው ወንበር ሦስት ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ምን ትላለህ ስለው "ወንበሮቹን ቤት አስቀምጫቸዋለሁ፣ ለምርመራ ጊዜ እገጥማቸዋለሁ" አለኝ። አልጋውን ነቅለህ? አዎ። በየዓመቱ? አዎ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሳይዋሽ ነው የነገረኝ። እዳና እገዳ የለበትም፣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥርም ከሊብሬው ጋር ይመሳሰላል፣ ያን ሐጂ በባትሪ መብራት አንብበው አረጋግጠዋል።

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ሚስቴ ታነበዋለች። ብቻ ከተራ ዶልፊን በላይ ነው የጠየቀው፣ ቤቱን ጨምሮ አስልቶ። አሮጌ መኪና ዋጋው እየወጣ የሚሄድበት አገር ላይ ነን። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ብሩ ተንሳፈፈ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ያለ ብረት ሁሉ ወርቅ ነው። ስለዚህ ገዝቼ ባይመቸኝ እሸጠዋለሁ የሚለው ሐሳብ እብደት አይደለም።

ግን የምገዛው ምንድነው? ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይሄ ነው። የመኪና ኪራዬን ባሰላው፣ ዕቃዬን የሚጭን መኪና በእርግጥ ያስፈልገኛል። የፔንሲዮን ወጪዬን ባሰላው ግን፣ ቁንጫውን ጨምሮ፣ ለዚያ ቤት መግዣ አይሆንም። ደግሞስ የት አቁሜ ልተኛ ነው? ድሮ ቢሆን ሜዳ ላይ። አሁን ባለው ሁኔታ ሳይመሽ ገብተህ የሰው ግቢ ወይ የጤና ጣቢያ አጥር ውስጥ ነው የምታቆመው፣ እዚያ ያሉት ደግሞ ወላጆቻችንን የመሰሉ ሰዎች ናቸው፣ ግቢያቸው ገብተህ መኪና ውስጥ ልደር ብትል ይቀየሙሃል። መደብ ይለቁልሃል። ያስፈለገኝ መኪናው ነው፣ የጓጓሁት ለቤቱ ነው። ሞተሩን ስንፈራ ከርመን ሞተሩ ከሁሉ ደህናው ሆኖ ተገኘ።

ሐጂን "እንዴት አዩት?" አልኳቸው። "ሞተሩን ግዛ፣ ቤቱን ለሱ ተውለት" አሉኝ።

ያንኑ በጨዋ ቋንቋ ለባለመኪናው ነገርኩት። የተራ ዶልፊን ዋጋ፣ ከዚያ ላይ ጎማና ቺንጋ ተቀንሶ፣ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን አውጥቶ ለራሱ ይውሰድ፣ ቤት ያስቀመጣቸውን ወንበሮች ለኔ። ደላላው ራሱን ያዘ። ባለመኪናው ግን አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ መጋረጃውን አስተካከለ። አበባውን የመረጠችው ሚስቱ ናት አለኝ። ከኮሮና በፊት ሁለት የውጭ አገር ሽማግሌዎች ይዞ 15 ቀን ሲዞር አልጋቸውን እሷ ታነጥፍላቸው ነበር። ከዚያ በሽታው፣ ከዚያ ጦርነቱ። "አፍርሼ ከምሸጠው እንደቆመ ይበስብስ" አለ። ምን እላለሁ? ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ይሄ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ደላላው ሁለቴ ደውሏል፣ "ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ ይቀንሳል" ይላል፣ አልጨመርኩም፣ አልተውኩትምም። ልጄ በየማታው ሐይቅ መቼ ነው ትለኛለች።

ትናንት ለሥራ በኮምቦልቻ ሳልፍ አየሁት። እዚያው ቦታው ላይ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ ጣሪያው ላይ ሸራ አልብሰው በገመድ አስረውታል። መጋረጃው ተዘግቷል።